ዳሲቱ ያቀናችው ግንብ

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። የአለሚቱ ጉድ ግን ከጀርባዋ ቆሞ ስድስት ቀን ሙሉ ፎቶ ሲነሳ ነበር። ያነሳችውም ሌላ ሰው አይደለችም፣ የገዛ ልጇ ዳሲቱ ናት።

ዳሲቱ አቃቂ ውስጥ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታቸው የእይታ ጥበብ የሚባል ትምህርት ተጀመረና ነቢዩ የሚባል ቀጭን መምህር መጣላቸው። ካሜራ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ተማሪው በየስልኩ ያነሳል። ዳሲቱ፣ እናቷ እንደምትለው፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ ተንጠራርታ የምትነሳ ልጅ ነበረች። ፎቶ ግን ያዛት። መንገድ ላይ ቆማ የሰው ጥላ ስታይ ባጃጅ ሊገጫት ምንም አልቀረውም።

በግንቦት ነቢዩ የቤት ሥራ ሰጣቸው። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሰባት ቀን።

«ምንም ነገር ከቦታው እንዳይነቃነቅ» አለ። «የሚለወጠው ብርሃኑ ብቻ ይሁን። ያኔ ማየት ትማራላችሁ።»

ዳሲቱ እናቷን መረጠች። አለሚቱ አስፋልት ዳር ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቦታዋ ከመብራት ፖሉ ሥር ነበር። ፖሉ ግን ፊቷ ላይ ጥላ እየጣለ አስቸገረ። ከፖሉ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ አንድ ረጅም የብሎኬት ግንብ አለ፤ አስር ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል።

«እማ፣ ወደ ግንቡ ጠጋ በይልኝ።»

«ደንበኛ ያጣኛል፣ አንቺ ልጅ!»

«ሰባት ቀን ብቻ። እስክጨርስ ቦታ እንዳትቀይሪ፣ እሺ?»

ምን ታድርግ፣ እናት ናት! ጉሊቷን አንስታ ሄደች። ጀርባዋን አስደግፋ ስትቀመጥ እንዲያውም ተመቻት። «ገና ዛሬ ወንበር አገኘሁ» ብላ ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄኔ ነው።

ከግንቡ ጀርባ ያለው ነገር አይታይም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። ሰፊ ግቢ ነው፣ ፎቅ ሊሠራበት የሚቆፈር። ድሮ የአለሚቱ አባት ጤፍ የሚዘሩበት ማሳ ነበር። ቆፋሪዎቹ አፈሩን ጭኖ ማራቅ ሰለቻቸውና ገልባጭ መኪናው እያመጣ ግንቡ ጥግ ይደፋው ጀመር። ክምሩ ከግንቡ እኩል ሆነ፣ ከዚያም በለጠው። በዚያ ላይ ዝናቡ። አለሚቱ ራሷ ለግቢው ጥበቃ ለገዳ ነግራው ነበር።

«መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል ይሉ ነበር አባቴ። አንሱት እንጂ ይሄን አፈር!»

«ነገ ይነሳል ተብሏል፣ እናቴ» አላት ገዳ።

ነገ! እስቲ በዚህች አገር ነገ ያልገደለው ሰው አለ?

ዳሲቱ የምታነሳው ከአስፋልቱ ማዶ፣ የግንቡ ጫፍ ከጎኑ ከሚታይበት ቦታ ቆማ ነው፤ ፖሉም ከፎቶው ዳር ይገባል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ የመኪናው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል፣ ስለዚህ ከእናቷ ጋር በእጅ ተስማሙ። መዳፏን ከፍ ስታደርግ «እንዳትነቃነቂ» ማለት ነው። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ደግሞ «በቃ፣ አለቀ»። አለሚቱ እጁ ከፍ ሲል ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ አገጯን ቀና ታደርጋለች፣ ከዚያ ድርቅ ነው። ከፖሉ ወዲያ የሚሸጡት ሴቶች «አርቲስቷ!» እያሉ ሳቁባት።

የመጀመሪያውን ፎቶ ነቢዩ ክፍል ውስጥ አይቶ «ፎቶሽ ሰክሯል፣ አዘንብሏል» አላት። ልጆቹ አውካኩ። «ቀጥ ያለ ነገር ፈልጊና በሱ አቅኚው። ግንቡ አለልሽ አይደል? ግንብ አይዋሽም።»

ዳሲቱ በጣም አፈረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ስልኳ ላይ አጎንብሳ፣ የመጀመሪያውንም ጨምራ፣ ግንቡ ቀጥ እስኪል ድረስ ፎቶውን በጣቷ ታዞራለች። በሦስተኛው ቀን ትንሽ አዞረችው። በአራተኛው ቀን ከዚያ በለጠ። «እጄን ምን ነካው?» አለች፤ ጥፋቱን ሁሉ በገዛ እጇ ላይ አላከከች። በአምስተኛው ቀን ብሎኬቶቹ መካከል ቀጭን ስንጥቅ ታየ፤ ፎቶው ላይ ቆንጆ ሆኖ ወጣና ደስ አላት።

በስድስተኛው ቀን ከሌሊት ጀምሮ ሲዘንብ ውሎ ስምንት ሰዓት ላይ አባራ። አለሚቱ ወደ ቤት ስትገባ ነጠላዋ ከጀርባዋ በኩል ርሶ ነበር።

«ግንቡ ያልበዋል፣ ዳሲ። ጀርባዬን በረደኝ። ነገ ወደ ፖሌ ልመለስ።»

«እማ በናትሽ! አንድ ቀን እኮ ነው የቀረኝ።»

«እሺ በቃ፣ ለአንድ ቀን አልሞትም» አለች አለሚቱ።

በማግስቱ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነቢዩ የስድስቱን ቀን ፎቶ አሳትሞ፣ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ።

«ጎበዝ። ግንቡ ልክ ሆኗል፣ ውልፍት የለውም» አለ። ከዚያ ተመለሰና ግንባሩን ቋጠረ። «ፖሉን ግን ምን አደረግሽው?»

ክፍሉ ሁሉ አየ። በመጀመሪያው ፎቶ ፖሉ ቀጥ ብሏል። በሦስተኛው ዘመም፣ በአምስተኛው ጋደል፣ በስድስተኛው ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል።

«ቲቸር፣ ፖሉ ጠጥቷል!» አለ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዳሲቱ አልሳቀችም። ያን ጠዋት ፖሉን ተደግፋ ነው ታክሲ የጠበቀችው፤ እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፖሉ ካልዘመመ፣ የዘመመው ሌላው ነው። በየማታው ስታቀናው የከረመችው፣ በእናቷ ራስ ላይ የሚያዘነብለውን ግንብ ነበር። ስልኳ ላይ ሰዓቱን አየች። አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው፤ እናቷ አሁን ነጠላዋን አስተካክላ ሰባተኛውን ፎቶ እየጠበቀች ነው።

ደብተሯንም ቦርሳዋንም ሳትይዝ እግሬ አውጪኝ አለች። እየሮጠች ደወለች፤ የእናቷ ስልክ ዝግ ነው።

አስፋልቱ ማዶ ስትደርስ አየችው። ያለ ፎቶም ይታያል፤ የት ማየት እንዳለባት አታውቅም ነበር እንጂ። ግንቡ ሆዱ ወደ መንገዱ ተነፍቷል፣ አናቱ አጎንብሷል። ከሥሩ አለሚቱ ቲማቲም ትደረድራለች።

«እማ! ተነሺ! ግንቡ!»

ገልባጭ መኪና እያጓራ አለፈ፤ ድምጿን ዋጠው። ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ አወዛወዘች። ያኔ አለሚቱ አየቻት። ልጇን አይታ ፈገግ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ድርቅ አለች።

ወይኔ! ዳሲቱ እጇን አወረደች። መኪናው ፋታ አልሰጥ አለ፣ መሻገር አይቻልም። ብትጮህ አትሰማም፣ እጇን ብታነሳ ይብሱን ትደርቃለች፣ «በቃ» የምትልበት ቦርሳ ክፍል ቀርቷል። እናቷ ከአፏ ነጥቃ የገዛችላት ስልክ እጇ ላይ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጋ፣ ባላት ኃይል ሁሉ አስፋልቱ ላይ ፈጠፈጠችው።

«ኧረ ስልኩን! ኧረ አበደች!» አለሚቱ ብድግ አለች። ቲማቲሙን ረግጣ፣ ለጥፊ እጇን አንስታ፣ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ እየተሳደበች መጣች። እግሯ አስፋልቱን ሲነካ ከኋላዋ ምድር ድም አለ።

አለሚቱ ዞራ አላየችም። የልጇን ፊት አይታ ሁሉንም አወቀች። መኪኖቹ ቆሙ። ጥቁር አፈር ከጉሊቷ ቦታ ላይ አልፎ ፖሉ ሥር ደርሷል። ሁለት ቲማቲም ተንከባሎ አጠገቧ ቆመ።

ዳሲቱ ተሻግራ እግሯ ላይ ተደፋች። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ፣ እማ! እኔ ነኝ!»

ጥፊው አልቀረላትም። ከዚያ አለሚቱ አንስታ አቀፈቻት፣ አልለቅም አለች፤ ሰው መጥቶ ነው ያላቀቃቸው።

አለሚቱ ዛሬም ከፖሉ ሥር ትሸጣለች። ታክሲ ሊያስቆም አንድ ሰው ከማዶ እጁን ከፍ ካደረገ ግን፣ ሚዛኗን ጥላ ብድግ ትላለች።