ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ

አባቴ ፕሮጀክተር ሲያስተካክል ሪሞቱንም አያይም፣ ሜኑውንም አያይም። ሰው እያዋራ አውራ ጣቱ ብቻዋን ትሠራለች። ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ፤ የተንጋደደው ምስል ቀጥ ይላል። ደንበኞች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፤ «ጋሽ ሌንስ» የሚለውን ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው። እኔም ነገሩ የልምድ ይመስለኝ ነበር።

ሥራችንን ተከፋፍለነዋል። ብርሃኑ የእሱ ነው፦ ፕሮጀክተሩን ጣሪያ ላይ መስቀል፣ ከስክሪኑ ያለውን ርቀት መለካት፣ ፎከስ። አየሩ የእኔ ነው፦ ራውተር፣ ዋይፋይ፣ ፓስዎርድ፣ ሰው ሁሉ ላፕቶፑን በአንዴ ሲያገናኝ የሚጨናነቀው መስመር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት መሰላል ለመሸከም አልነበረም፤ ግን ሥራ ሥራ ነው። ስቆጣ ማየት ደስ ስለሚለው «እሜቴ ኔትወርክ» ይለኛል።

ያን ዕለት አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበርን። አዳራሹ ታድሶ አዲስ ፕሮጀክተር ተገዝቶለታል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የአዳራሹን ሥራ አይታ ከወደደችው የመማሪያ ክፍሎቹንም ሁሉ ልትሰጠን ነው። አባቴ ይህን ሥራ እንደ ልጅ ጓጉቶለታል። «ይሄ ከተሳካ ሌላ ደንበኛ ደጅ አልጠናም፤ እዚሁ መሰላል ላይ ነው የማረጀው» ይላል።

ጠዋት ራውተሩን ከመድረኩ ጀርባ ሰቀልኩ፣ ለኔትወርኩ ስም አወጣሁ፣ ፕሮጀክተሩን አገናኘሁ። ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ሲግናሉ ኋላ ወንበሮች ጋ ሲደርስ ይደክም ነበር፤ ሌላ ማሰራጫ ጨመርኩ። አባቴ መሰላል ላይ ወጥቶ ሌንሱን አዞረ። ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር የሆነ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ጥቃቅን ፊደል ያለበት የመሞከሪያ ምስል ወጣ።

«ጠርቷል» አለ።

አልጠራም። ፊደሎቹ ፀጉር አብቅለዋል።

«አባዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ መልሰው።»

«አንቺ ስለ አየርሽ አስቢ። ጠርቷል አልኩሽ እኮ!»

ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እሱ ሲወርድ ወጣሁና አስተካከልኩት። ሌላ ቀን ቢሆን ሌንሱን በመንካቴ ብቻ ሰማይ ምድሩን ይደበላልቀው ነበር። አሁን መሰላሉን ያዘልኝ።

ኃላፊዋ ሁለት መምህራን አስከትላ ገባች። «ጋሽ ሌንስ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? ዝናዎን ሰምተናል።»

«ዝናውስ የለኝም፤ ያለኝ ሌንስ ብቻ ነው።»

ሳቁ። አንዷ መምህርት ላፕቶፗን ያለ ገመድ አገናኘችና የሰው ልብ ሥዕል ስክሪኑን ሞላው። ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠቧል።

«ትንሽ አልተንጋደደም?» አለች።

«እሱማ አሁኑኑ!» አለ አባቴ። ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ፣ ስለ አዳራሹ ጣሪያ ከፍታ እያወራ፣ አውራ ጣቱ ሄደች። ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ።

የአዲሱ ማሽን ሜኑ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ልቡ ላይ ከኋላ ወንበር የሚነበብ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ የተሞላው ሁሉ ተሰርዞ ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን ወይ? መምህራኑ አነበቡት። እኔም አነበብኩት። አባቴ ቀና ብሎ ጽሑፉን ፊት ለፊት አየውና፣ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ ተጫነው።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ጠዋት ፕሮጀክተሩ ላይ የሞላሁት ሁሉ ሄደ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ አንደኛው መምህር።

ኃላፊዋ አልሳቀችም። «ጋሽዬ፣ ጽሑፉን አላዩትም?»

አባቴ እኔን ፈለገ። የዞረው ግን እኔ ወደሌለሁበት ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ኔትወርኩን እንደ አዲስ ላስገባ ስለፈለግኩ አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ያለውን ውሸት ሕፃንም አያምነውም። ኃላፊዋ ደግሞ ዕድሜዋን በነርስነት የፈጀች ሴት ናት። አባቴን ትክ ብላ አየችውና «ጨርሱና እንነጋገራለን» ብላ መምህራኑን ይዛቸው ወጣች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«አባዬ!»

መሰላሉ ታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠ። «መሀሉ ነው የጠፋው። ዳር ዳሩን አያለሁ። አንቺን ሳይሽ ፀጉርሽ አለ፣ ጆሮሽ አለ፤ ፊትሽ የለም።»

«ሐኪም ጋ ሄደሃል? ምን አለህ?»

«አይመለስም አለ። አምፖል ቢሆን ቀይረን እንገላገል ነበር።»

ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩም። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ሪሞቱን ትቀሚኝ ነበራ።»

እውነቱን ነው፤ እቀማው ነበር።

ኔትወርኩን እንደገና ሞላሁት። የምስሉንም መንጋደድ አቃናሁ፤ ማስተካከያው በአዲሱ ሜኑ ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይሆን ከታች ነበር። ኃላፊዋ ተመልሳ ከኋላ ወንበርም ከፊትም ሆና አየችው።

«ቆንጆ ነው» አለችኝ። «ክፍሎቹን እሰጥሻለሁ። መሰላል ላይ ግን የምትወጪው አንቺ ነሽ።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ «አባትሽ ብቻቸውን መንገድ እንዳይሻገሩ።»

ዝቅ ማድረጓ አልጠቀመም፤ ጆሮው ደህና ነው። ተነሥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣ እጁን ዘርግቶ። እጁን ፈልጋ የያዘችው እሷ ነች።

ስትወጣ «ማጥፊያውን እኔ ልጫነው» አለኝ። ሪሞቱን ሰጠሁት። ማጥፊያው በሁሉም ሪሞት ላይ አንድ ቦታ ነው፤ አልሳተውም። አዳራሹ ጨለም አለ።

«ማራገቢያው ሳይቆም ገመዱን እንዳትነቅይ» አለ።

ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚለኝ ነው። የጋለ አምፖል ሳይቀዘቅዝ ኃይል ከተቋረጠበት ይቃጠላል። ይህ አዲሱ ግን ሌዘር ነው፤ አምፖል የለውም፣ ማራገቢያውም ወዲያው ነው የቆመው። አባቴ ግን መሰላሉ ላይ ተመልሶ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ጣሪያው ቀና አድርጎ፣ ይጠብቃል።

መሰላሉን አጥፌ ወደ መኪናው መውሰድ ነበረብኝ። እሱ እስኪነሣ ተውኩት።