ቁጭ ብሎ የተለካው መኪና

ሰው መጨቃጨቅ ሲያቆም ምን አስቦ ነው? ታርቆ ነው ወይስ ቆርጦ? ይህን ጥያቄ በሆዴ ሳመላልሰው ከረምኩ፤ መልሱን ግን አላገኘሁትም። ምራቴ አፏን የለጎመችው ልጄ ጋራዡን ማስፈረስ የጀመረ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ትናገር ነበር፤ ትጮህም ነበር። እኔም ጓዳ ሆኜ "ኧረ ተዉ እናንተ ልጆች፣ ሕፃኗ ትሰማለች" እል ነበር። ዝም ስትል ግን የባሰ ፈራሁ።

ጋራዡን የሠራው ሟቹ ባለቤቴ ነው፤ ለትንሿ መኪናው፣ በትንሿ መኪናው ልክ። እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋ ተሸጠች፤ ጋራዡም የአሮጌ ጎማና የአይጥ ቤት ሆኖ ቀረ። ነፍስ የዘራችበት ምራቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ጠርጋ፣ ኖራ ቀብታ፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አስገብታ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት ሰቅላ፣ የእንጨት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ትሰፋ ነበር። ሚጢጢ የምንላት የልጅ ልጄ ዳዴ ያለችው እዚያ ጠረጴዛ ሥር ነው፣ ክር እየጎተተች። እኔ ደግሞ በርጩማዬን በሩ ላይ አድርጌ "መርፌውን አርቂ! ኧረ መቀሱን ከልጅቷ!" ስል እውላለሁ። ምራቴ ትስቅብኛለች። "እማዬ፣ እርስዎ ባሉበት መርፌውም አይወጋ" ትለኛለች።

ልጄ ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የአለቃ መኪና ሲነዳ፣ ለሌላ ሰው በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። አለቃው ተዛውረው እሱ ዕቃ ማመላለሻ ላይ ሲመደብ ቅስሙ ተሰበረ። ያገለገለ ቅንጡ መኪና መግዛት የጀመረው ያኔ ነው። የመጀመሪያው ነጭ ነበር፤ ማርሹ እምቢ ብሎት ተሸጠ። ሁለተኛው መሪው ፊት የሚበራው ቀይና ቢጫ መብራት በየቀኑ እየበዛ ሄዶ፣ አንድ ቀን ሁሉም ድርግም አለ። ሦስተኛው ይሄ ጥቁሩ ነው። ወንበሩ ቆዳ፣ ጣሪያው መስታወት፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ። በስፕሪንግ ፋንታ በአየር ነው የሚቆመው፤ አየሩ ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ይገኛል። ሞተሩ ሲነሳ እፍፍ እያለ፣ እያቃሰተ፣ ቀስ በቀስ ይነሳል። ልክ እንደኔ ጉልበት።

ጎረቤታችን ጡረተኛው መኪናውን "ሚኒስትሩ" ነው የሚለው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

"ዛሬም ክቡርነታቸው አልተነሱም?" ይላል።

"ሲመቻቸው ይነሳሉ ጋሼ። ቀጠሮ አስይዘዋል?" ይለዋል ልጄ።

አንድ ጠዋት የመኪናው የጎን መስታወት በሌባ ተነቅሎ ተገኘ። ልጄ ደጅ ቆሞ የተነቀለበትን ቦታ በጣቱ ሲዳብስ አየሁት፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳብስ ነው የሚመስለው። አንጀቴን በላኝ። የዚያኑ ዕለት ምሳ ላይ፣

"ጋራዥ ለመኪና ነው የተሠራው" አለ።

"እኔስ?" አለች ምራቴ።

"ጓሮ ክፍል እሠራልሻለሁ። እስከዚያ ሳሎን ትሰፊያለሽ።"

"ደንበኛዬ ሳሎን ገብታ ልብሷን አውልቃ ልትለካ? አንተ ሶፋው ላይ ተጋድመህ?"

"እኔ እወጣለኋ።"

"ወዴት?"

"መኪናዬ ውስጥ።"

የመጨረሻውን ጩኸት የጮኸችው ያኔ ነው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስለ መኪና አንድ ነገር በተናገረች ቁጥር የሚላትን ደገመላት፦ "አንቺ መርፌሽን ያዢ።"

ስፌት ማሽኗ ሳሎን ጥግ ገባ። የመቁረጫ ጠረጴዛው በሳሎኑ በር አልገባ ብሎ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ቀረ፤ ዝናብ ሲደጋገምበት እንጨቱ አበጠ። ደንበኞቿ አንድ ሁለት ጊዜ መጡ። ሶፋችን ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ቀሚሳቸውን በፌስታል እንደያዙ፣ እኔን በዓይናቸው ሰረቅ እያደረጉ ይሄዳሉ። ጓዳ ገብቼ በሩን ብዘጋላቸውም አልሆነም። ከዚያ ቀሩ።

ግንበኛው የጋራዡን የፊት ግድግዳ አፍርሶ አሰፋው፤ ጎርፍ እንዳይገባ ብሎም ወለሉን በኮንክሪት ከፍ አደረገው። ቀጥሎ በያጁ መጣ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር ሊሠራ። ጠዋት ነበር። ምራቴ ልብስ ታሰጣለች፤ የልክ መውሰጃ ሜትሯ እንደ ልማዷ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ልጄና በያጁ መኪናውን ይለካሉ፤ አንዱ የሜትሩን ጫፍ ጣሪያው ላይ ይዞ፣ አንዱ መሬት ላይ አጎንብሶ።

"አራት ጣት ትርፍ እንተውለታለን ጋሼ፣ ይበቃዋል" አለ በያጁ።

ምራቴ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆማ አየቻቸው። ውኃው እግሯ ላይ እየተንጠባጠበ ቆማ አየቻቸው። አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ መልሳ ገጠመችው፤ አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ገባች። ምኑን እንዳየች እኔ አልገባኝም። ተከትያት ገባሁ።

"ልጄ፣ ምን እያሰብሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም እማዬ። ሽንኩርት ልክተፍ?"

በሩ የተገጠመ ዕለት ልጄ መኪናውን አጥቦ ወለወለው፤ አለቃውን ሲነዳ ይለብሰው የነበረውን ኮት አውጥቶ ለበሰ። ጡረተኛው መጣ፣ በያጁ መጣ፣ መንገደኛም ቆመ። ሚጢጢን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። እኔን አላስችል አለኝ።

"ልጅቷን አውርዳት።"

"እማዬ፣ አሥር እርምጃ አይሞላም እኮ!"

"አውርዳት ብያለሁ። ከዚያ ብትፈልግ ግድግዳውን ጥሰህ ውጣ።"

እየተነጫነጨ አወረዳት፤ እጇን ጨምድጄ ያዝኩ። ሞተሩ ተነሳ። መኪናው እፍፍ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ተወልውሎ እውነትም ሚኒስትር መስሏል። ወደ አዲሱ ወለል ቀስ ብሎ ወጣ። ጣሪያው በሩ ከሚጠቀለልበት የብረት ሳጥን ጋር ተላተመና ቋ! አለ። የመስታወቱ ጣሪያ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

"ሚኒስትሩ ቆባቸውን ያውልቁና ይግቡ እንጂ!" አለ ጡረተኛው። ማንም አልሳቀም። እሱም ወዲያው ጸጸተውና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

"እኔ በሰጡኝ ልክ ነው የሠራሁት ጋሼ!" አለ በያጁ። "ሜትሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት የያዙት!"

ልጄ ሜትሩን ነጥቆ መኪናውን እንደገና ለካው። ያን ጠዋት የለኩት ሞተሩ ሳይነሳ፣ አየሩ አልቆ፣ ሆዱ መሬት ወርዶ እያለ ነበር። ሲነሳ አራት ጣት ቀርቶ ስንዝርም አይበቃው። ሜትሩ ከእጁ ወደቀ።

ጓዳ ስገባ ምራቴ ሳህን ታጥባለች።

"አይተሽ ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ ልጄ?"

"እማዬ፣ እኔ ደንበኛ አስቀምጬ ለክቼ አላውቅም። ስትነሳ ያጥራታል። ይሄን የሚያህል ነገር ራሱ ያየዋል ብዬ ጠበቅሁ።"

"ብትነግሪውስ?"

"መርፌሽን ያዢ ብሎኛል። ያዝኩ።"

ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ስትስቂብኝ ከረምሽ በይኛ።"

"አልሳቅሁም።"

ሳቅሁ ባለች ብዬ ተመኘሁ። ሳቅ ቢሆን ይበርድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አየሩን አስተንፍሶ፣ መኪናውን አስተኝቶ፣ ከነጡረተኛው እየገፉ አስገቡት። ሆዱ አዲሱን ኮንክሪት እየፋቀ ገባ። ውስጥ ከገባ በኋላ ሊያስነሳው ቢሞክር አየር የሚሞላው ሞተር ጨሰና ሞተ። ከዚያ ወዲያ መኪናው ተኝቶ ቀረ፣ በተሰነጠቀ መስታወቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት። አይነዳም። በዚያ መልኩ የሚገዛውም የለም። ልጄ ግን ጠዋት ጠዋት ገብቶ መሪው ፊት ይቀመጣል፤ የብረት በሩን ከውስጥ ይስባል፤ ሬዲዮ ይከፍታል።

አንድ ምሽት እራት ላይ ምራቴ የጋራዡን ነገር እንደገና አነሳችው። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር።

"መኪናው እንግዲህ አይሄድም። ደጅ አውጣውና ክፍሌን መልስልኝ።"

"እንዲህ ተንበርክኮ ደጅ ላቁመው? ሰው ሁሉ መጥቶ እንዲያጨበጭብብኝ?"

"ጓሮ እሠራልሻለሁ ያልከኝስ?"

"መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ከዚያ…"

"እሺ" አለች።

ያ "እሺ" አጥንቴ ድረስ ገባ። ምራቴ ተነስታ ልጅቷን ልታስተኛ ስትሄድ የልጄን እጅጌ ጎተትኩ።

"አንተ ልጅ፣ እሺ ስትል አልሰማህም? ተነስና መኪናውን አውጣ። እኔም እገፋለሁ።"

"እሺ አለች አይደል እንዴ? ምኑ ነው የሚያስፈራሽ? እማዬ፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ።"

አላወጣውም።

በማግስቱ ጠዋት የብረት በሩ ተንኳኩቶ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ሬዲዮው ተከፈተ። ምራቴ ሚጢጢን ለትምህርት ቤት አለበሰቻት። የልጅቷ ቦርሳ ከወትሮው አብጧል፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎ የሹራብ እጅጌ ብቅ ብሏል። የስፌት ማሽኑን ከእግሩ ላይ ፈትታዋለች። ሚጢጢ በሕፃንነቷ ትታቀፍበት በነበረው ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ክንዷ ላይ አደረገችው።

በሩ ላይ ቆምኩ። ልለምን፣ ልጮህ፣ ልጄን ልጠራ ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣ "ውጭው ይበርዳል፣ ልጅቷ ደረቷ ተከፍቷል" የሚል ብቻ ሆነ። ጎንበስ ብዬ የሚጢጢን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፍኩላት። ቶሎ አልገባልኝም። ምራቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ማታ ትመጣላችሁ አይደል?" አልኩ።

ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አንድ አፍታ አሳረፈች። ቀና ስትል የልክ መውሰጃ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንዳለ አየሁ። ያበጠው ጠረጴዛ አጠገብ ስትደርስ ላስቲኩ ነፋስ ገልጦት ስለነበር፣ በአንድ እጇ መልሳ አለበሰችው። ልጅቷን ከፊቷ አስቀደመች። ሬዲዮው የሚጮህበትን የብረት በር ዞራ ሳታየው አልፋ፣ የግቢውን በር እንዳይንኳኳ መቀርቀሪያውን ይዛ ቀስ ብላ ዘጋችው።