በእንቅልፍ ልብ የተባለ እሺታ

ማህፉዛ ፈተናዋ ወደ ማክሰኞ መዛወሩን ለባሏ የነገረችው ሰኞ ጎህ ሳይቀድ፣ በአንድ እጇ ጫማዋን በሌላው የመኪና ቁልፏን ይዛ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ጠልሀ፣ ትሰማኛለህ? ባለፈው ሐሙስ በበረዶው ኮሌጁ ተዘግቶ የቀረው ፈተና ነገ ማክሰኞ ሆኗል። ነገ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምትወስዳቸው አንተ ነህ። ሥራ ዘግይተህ እንድትገባ አስፈቅድ።»

«እሺ» አለ ጠልሀ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እሺ ካለ እሺ ነው ብላ ወጣች።

ባልና ሚስቱ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የሚተያዩት እንደ ጎረቤት ነበር። እሷ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ከአውሮፕላን የሚወርዱ አዛውንቶችንና ሕመምተኞችን በዊልቸር እየገፋች የምታደርስ ሠራተኛ ናት፤ በጠዋት ገብታ ቀትር ካለፈ ትወጣለች። እሱ ኮሜርስ ሲቲ ያለ አንድ ትልቅ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ከሰዓት በኋላ ይገባና እሷ ከተኛች ቆይቶ ይመለሳል። ሐሙስ ግን እሷ ትምህርት ስላላት ዘግይቶ እንዲገባ ፈቅደውለታል። ያን ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ይወስድና ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው ገበያ ፓርኪንግ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። እሷ ከኮሌጅ ስትደርስ ልጆቹ ከነቦርሳቸው ከአንዱ መኪና ወርደው ወደ ሌላው ይገባሉ። ባልና ሚስቱ በመስኮት «ምን በሉ? የቤት ሥራ ሠሩ?» ተባብለው ይለያያሉ። አንድ ሰው ቢዘገይ ወይም አንድ ቀን ቢዛነፍ የሚናድ ኑሮ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። እስካሁን ግን አልተናደም።

ማህፉዛ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ሌላ ሰዓት ስለሌላት ሥራ ላይ ታጠናለች፤ አውሮፕላን እስኪያርፍ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የአጥንት ስሞች የጻፈችባቸውን ካርዶች ከኪሷ ታወጣለች። ቤት ስትገባ ካርዶቹን የምትረከባት የዘጠኝ ዓመቷ ሀይፋ ናት። እናቷ ሽንኩርት ስትከትፍ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ትጠይቃታለች፤ ስትሳሳትባት «ኖ ማሚ፣ ትራይ አጌን» ትላታለች፣ ልክ እንደ አስተማሪ ቅንድቧን ሰቅላ። ገና መዋለ ሕፃናት የገባው አኒስ ደግሞ የጎድን አጥንቶቹን እየነካካ ይስቃል።

ሰው አግዢኝ ብላ አታውቅም። «የሰው ፊት እሳት ነው» እያለች ያሳደገቻት እናት ናት ያለቻት፤ ማህፉዛም እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ መጥታም ቢሆን ከዚያ እሳት ርቃ መኖርን እንደ ክብር ይዛዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያግዛት ሰው ራሱ መጥቶ ነበር፤ እሷ ግን እገዛ መሆኑ አልገባትም። በልጆቹ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ የሚሠሩ፣ ልጆቹ «ሚስ ሚንት» የሚሏቸው እትዬ ምንትዋብ የሚባሉ የጎንደር ሴት አሉ። መስከረም ላይ ማህፉዛ ልጆቹን ወደ መኪና እየጎተተች ስትሮጥ አገኟትና፣

«አንቺ ልጅ፣ ሁልጊዜ እንደሮጥሽ ነው። ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ፊትሽን የሚያዩት መቼ ነው?» አሏት።

ነገሩ ከነከናት። የገዛ እናቷ እንኳን እንዲህ ብላት አታውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ ምንትዋብን ከሩቅ ስታይ ስልክ የምታወራ መስላ ታልፋለች።

ማክሰኞ ከሥራ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ነዳች። ፈታኙ ስልኮች እንዲጠፉ፣ ቦርሳዎችም ከፊት እንዲቀመጡ አዘዘ። ማህፉዛ ወረቀቱን ገልጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበችና የሀይፋ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ሲጠይቃት ሰማች። ሁለተኛውንም አወቀችው። መሐል ላይ ሁለት ጥያቄዎች አስቸገሯት፤ ሌላው ግን እንደ ውኃ ፈሰሰላት። ወረቀቱን አስረክባ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። እዚያው ቆማ ስልኳን አበራች።

ስልኩ እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አላቆም አለ። የደወለው ሁሉ አንድ ቁጥር ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት። መልእክቱን ከፍታ ሰማች። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ ሀይፋንና አኒስን የሚወስድ ሰው አልመጣም፣ እባክሽ ደውይልን ትላለች፣ በትህትና። ቀጥሎ ያለውም ያው ነው። የመጨረሻው ላይ ትህትናው ሳስቷል።

ማህፉዛ መልሳ ደወለች። ቢሮው ለዛሬ ተዘግቷል የሚል የተቀዳ ድምፅ መለሰላት። ወደ ጠልሀ ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ዌርሃውሱ ውስጥ ስልካቸውን ሎከር ውስጥ ቆልፈው ነው የሚገቡት። ያን ጊዜ ነው አልጋው ላይ ዓይኑን ሳይገልጥ «እሺ» ያለው ትዝ ያላት። በእንቅልፍ ልቡ ነው። ማክሰኞ መሆኑን አልሰማም። እሷ ልጆቹ እሱ ዘንድ ናቸው ብላ፣ እሱም እሷ ዘንድ ናቸው ብሎ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ሄደዋል።

መኪናዋ ጋ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ሀይዌዩ ተጨናንቋል፤ የቀለጠው በረዶ ከፊቷ ካሉት መኪኖች ጎማ እየተረጨ መስታወቷን ያጨቀየዋል። መጥረጊያው በጠረገው ቁጥር ሌላ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ልጆቹስ? ሀይፋ ወንድሟን ይዛ በእግሯ ወጥታ ይሆን? ፖሊስ ተጠርቶ ይሆን? ሰዎች ሻይ ላይ ሲያወሩ የሰማችው ሁሉ መጣባት፤ ልጅ ረስታ ከመንግሥት ጋር ስትካሰስ የከረመች እናት፣ ልጆቹን በቀጠሮ ብቻ የሚያይ አባት። ሲወራ አጋኑት ብላ ያለፈችው ነገር አሁን ሁሉም እውነት መሰላት።

«ያ ረቢ» አለች ጮክ ብላ፣ መሪውን እንደጨበጠች፣ «ልጆቼን ብቻ በሰላም ላግኛቸው። ትምህርቱ ይቅርብኝ።»

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ፓርኪንጉ ባዶ ሆኗል ማለት ይቻላል። መኪናውን መስመር ሳትይዝ አቁማ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሮጠች። ተቆልፏል። መስታወቱን በመዳፏ ደበደበች፤ ኮሪደሩ ላይ ወንበሮች ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል፣ ሰው የለም። በሕንፃው ጎን ዞረች። ማንም ያልጠረገው በረዶ ውስጥ ገብታ ጫማዋ ውኃ ሞላ። ከኋላ በኩል የአንድ መስኮት መብራት በርቶ አየች። ከጎኑ ያለውን የብረት በር በሁለት እጇ መታችው።

በሩን የከፈቱት እትዬ ምንትዋብ ነበሩ፤ ሽርጣቸውን አላወለቁም።

«መጣሽ? እሰይ። ግቢ ግቢ፣ እግርሽ ርሷል» አሉ።

ማህፉዛ ከትከሻቸው በላይ ተመለከተች። አኒስ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የምሳ ትሪዎችን በየቀለማቸው እየለየ ይደረድራል። ሀይፋ ከጎኑ መጽሐፍ ዘርግታለች። አኒስ እናቱን ሲያያት ከመደሰት ይልቅ ፊቱን አኮሰተረ።

«ማሚ፣ ቱ ኧርሊ! ሰማያዊዎቹን አልጨረስኩም።»

እዚያው አጠገቧ ያገኘችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። አኒስ ትሪውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ሀይፋ መጽሐፏን ከድና መጣችና ክንዷን አንገቷ ላይ ጠመጠመች።

«ማሚ፣ ዋይ አር ዩ ክራይንግ? ከበደሽ እንዴ?»

«ምኑ?»

«ፈተናው።»

ማህፉዛ እንባዋን ሳትጠርግ ልጇን አየቻት። «አልከበደኝም» አለች። «ያጠናሽኝ ነው የመጣው።»

«አይ ኖው» አለች ሀይፋ፣ ሌላ ምን ይመጣል በሚል ዓይነት።

እትዬ ምንትዋብ ደረቅ ፎጣ ይዘው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ጫማሽን አውልቂ። ጸሐፊዋ ደጋግማ ደወለች፤ ያንቺም የባልሽም አይመልስም። ከዚያ በኋላ ለሚመለከተው አካል መደወል አለብን አለች። ግዴታዋ ነው፤ አልፈርድባትም። ያስቆመችን ይቺ ልጅ ናት። ተነስታ ቆመችና፣ 'እናቴ ፈተና ላይ ናት፣ ስልክ አጥፉ ይሏቸዋል፣ ስትጨርስ ትመጣለች' አለቻት። ጸሐፊዋ እርግጠኛ ነሽ ወይ ስትላት ምን ብትላት ጥሩ ነው? 'እናቴ ሁልጊዜ ትመጣለች።' እኔም እኔ ጋ ይቆዩ አልኩ። ርዕሰ መምህሩም እሺ እጠብቃለሁ ብለው ይኸው ቢሯቸው አሉ።»

ማህፉዛ መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትከስ ነው የመጣችው። ልጇ ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳን አልተጠራጠረቻትም።

«በልተዋል» አሉ እትዬ ምንትዋብ፤ ስለ ምግባቸው የምታስብ መስሏቸው። «አፕልና አይብ ነው የሰጠኋቸው። ሥጋ አላቀረብኩም፤ የእናንተ ስላልሆነ።»

«እትዬ...» አለች ማህፉዛ። «እኔ እኮ እርስዎን ስሸሽ ነው የከረምኩት።»

«አውቃለሁ። ስልክሽ ሳይጠራ ታወሪ የለ?»

ማህፉዛ ደነገጠች፤ እሳቸው ግን ሳቁ።

«ያኔ የተናገርኩት ለክፉ አልነበረም፤ አነጋገሬ ነው የማያምረው። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት ሁለት ሥራ እየሠራሁ ነው። ያኔ ሐኪም ቤት ወለል አጥብ ነበር፤ ልጆቼ ተኝተው እወጣለሁ፣ ተኝተው እገባለሁ። አንድም ሰው 'እኔ ልያዝልሽ' አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ትልልቆች ሆነው በየስቴቱ ተበትነዋል። አንቺን ሳይ እኔ ልያዝልሽ ልል ፈልጌ ነው እንዲያ ያልኩት።»

«እኔ ደግሞ የፈረዱብኝ መስሎኝ...»

«ይኸውልሽ፣ ቤቴ ፒዮሪያ ላይ ነው፣ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ትምህርት ባለሽ ቀን እኔ ጋ ይዋሉ። ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ቴሌቪዥን ነው።»

ማህፉዛ «አይ፣ አላስቸግርዎትም» ልትል አፏን ከፈተች። ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው ኖራለች። አኒስ በዚህ መሐል እጃቸውን ይዞ ወደ ትሪዎቹ ሊጎትታቸው ይታገላል።

«ደስ ይለኛል» አለች። «ወላሂ፣ በጣም ደስ ይለኛል።»

ርዕሰ መምህሩ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። ማህፉዛ ተነስታ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር እጃቸውን አወዛወዙ። እዚህ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነገር ነው አሏት፤ አባት በእናት እናት በአባት ሲተማመኑ። በየሳምንቱ። እሷ በዓለም ላይ የመጀመሪያዋ ልጅ የረሳች እናት የሆነች መስሏት ነበር።

ቤት ደርሰው አኒስን ጫማውን ስታወልቅለት ጠልሀ ደወለ። ለእረፍት ወጥቶ ስልኩን ሲያይ ነው።

«ምን ሆናችሁ? ትምህርት ቤቱ ለምን ደወለ?»

«ልጆቹን የወሰዳቸው ሰው ስለሌለ።»

«እንዴ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፤ ያንቺ...» ብሎ ቆመ። «ፈተናሽ ሐሙስ አይደለም?»

«ዛሬ ነበር። ነግሬሃለሁ።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ትናንት ጠዋት፣ ተኝተህ።»

«ተኝቼ? ምን አልኩ?»

«እሺ አልክ።»

ማህፉዛ በመንገድ ላይ የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ አሁን ስትፈልገው የለም። በምትኩ ሳቅ መጣባት፤ ልትይዘው ብትሞክርም አመለጣት።

«ልጆቹስ?» አለ ጠልሀ።

«አጠገቤ ናቸው፤ አልሀምዱሊላህ። ምንም አልሆኑም። ልጅህ እንዲያውም አልሄድም ብሎ አስቸግሮናል።»

ከባድ ትንፋሽ ሲያወጣ በስልኩ ተሰማት። ከጀርባው የሚጮኸው ማሽን ድምፅ ለጊዜው ሸፈነው፤ ከዚያ «ይቅርታ፣ የኔ እመቤት» አለ።

«እኔም ጥፋት አለኝ። ለተኛ ሰው ጉዳይ ይነገራል?»

ስለ እትዬ ምንትዋብ ነገረችው። ቅዳሜ አብረው ሄደው ሊያመሰግኗቸው ተስማሙ። ያን ዕለት እራት የሠራ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ ዳቦና ወተት ሲበሉ እሷ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ሀይፋ ብርድ ልብስ ስታለብሳት ሰምታለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታስታውስም።

ፈተናውን አልፋለች፤ ካሰበችው በላይ በጥሩ ውጤት። ትምህርቱ ይቅርብኝ ያለችውንም ነገር ደግማ አላነሳችውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ትምህርት ሲያልቅ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ ፈጠነች። የክፍል ጓደኛዋ ሮማን ከኋላዋ ተጣራች። ሮማን ሴሚስተሩን ሙሉ «ሻይ እንጠጣ» እያለች ስትጠይቃት፣ እሷም «ሌላ ቀን» እያለች ስትሸሻት የከረመች ልጅ ናት።

«ዛሬስ?» አለቻት ሮማን፣ ተስፋ ሳታደርግ።

ማህፉዛ ሁልጊዜ አፏ ላይ የሚመጣላትን ሰበብ ፈለገች፤ አላገኘችም። ልጆቹ ከሚስ ሚንት ጋር ናቸው። ጠልሀ ሥራ ገብቷል። የሚጠብቃት መኪና የለም።

«ዛሬ ይሆናል» አለች።

የኮሌጁ ካፌ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ገብቷል። ሮማን ሁለት ሻይ ይዛ መጥታ አንዱን ፊቷ አስቀመጠችላት።

«አንድ ክፍል ስንማር ይሄን ያህል ጊዜ ሆኖን፣ ስለ አንቺ እኮ ምንም አላውቅም» አለች። «ልጆች አሉሽ?»

ማህፉዛ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ከሀይፋ ጀመረች።