ሞተዋል የተባሉት ሳንቲሞች

ቢሮ ውስጥ «ሹክሹክታ» ይሉኛል። ድምፄ ከጠረጴዛዬ አያልፍም። ሥራዬ ግን ድምፅ አይጠይቅም፤ አንድ ዲጂታል ሳንቲም ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለባለሀብቶች እለካለሁ። ከሃያ ሚሊዮን በላይ እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ስንቱ በባለቤቱ እጅ እንዳለ፣ ስንቱ ደግሞ የይለፍ ቃሉ ተረስቶ እንደጠፋ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቋራጭ ነበረው።

«አምስት ዓመት ያልተንቀሳቀሰውን ሁሉ ጠፍቷል ብለሽ ቀንሺ። አሥራ አንድ ሚሊዮን ይቀራል። ያኔ ባለሀብቱ ይሻማል።»

«ተኝቶ ቢሆንስ?»

«ሬሳም የተኛ ነው የሚመስለው» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ኮንትራትሽ ዓርብ ያልቃል። ሪፖርቱ ላይ ሐሙስ ከፈረምሽ ይታደሳል።»

በሪፖርት ግርጌ የሚፈርመው የለካው ሰው ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን የሚያወጡት ያንን ስም አምነው ነው።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አክስቴ ሱቅ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ የቀሚሷን ዋጋ በዚሁ ሳንቲም ከፍላታለች። አክስቴ ሳንቲሙን የሚከፍቱትን አሥራ ሁለት የይለፍ ቃላት የደንበኞቿን ልክ በምትመዘግብበት ደብተር፣ በደረትና በወገብ ልክ መካከል ሰግስጋቸዋለች። ሌባ ቢያገኘው የሰው ወገብ አንብቦ ይመለሳል።

«ነክተሽው ታውቂያለሽ፣ እትዬ?»

«ለምን ብዬ! የክፉ ቀን ነው።»

«አለቃዬ ጠፍቷል ይላል። ከጠፉት ዝርዝር ውስጥ አለሽ።»

በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «እኔ በቁሜ እያለሁ? ንብረቴን የሚቀብረው እሱ ማን ሆኖ ነው!»

ሐሙስ ጠዋት ስድስት ባለሀብቶች ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ የራሱን ሪፖርት ፊቴ አስቀመጠ። እኔ የኔን አነበብኩ።

«ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ሚሊዮን። ከዚህ አጥብቤ መናገር አልችልም።»

«ልጅቷ ደንግጣ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መደንገጡንስ ደንግጫለሁ። ቢሆንም ማንም ሊያየው የሚችለውን የሳንቲሙን መዝገብ ግድግዳው ላይ አበራሁና ከጠፉት አንዱን መስመር አሳየሁ።

«ይሄም ጠፍቷል?»

«ስድስት ዓመት አልተነካም። አፈር ሆኗል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ስልኬን አንስቼ እንደተነጋገርነው አክስቴ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ አሁን።»

ደቂቃዎች አለፉ። አንደኛው ባለሀብት አዛጋ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና አየ። ከዚያ መስመሩ ተለወጠ፤ ከአክስቴ ሂሳብ የአንድ ሳንቲም መቶኛ ወጣ።

ከባለሀብቶቹ በዕድሜ የሚበልጡት ሴትዮ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«እንዲህ ከመቃብር የሚነሳ ስንት አለ?»

«አላውቅም። አለማወቄንም ጽፌዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ጆሮዬ ሥር መጥቶ እስክሪብቶ ዘረጋልኝ። «የኔን ፈርሚ፤ አለዚያ ነገ ዕቃሽን ሰብስበሽ ትወጫለሽ።»

«አልፈርምም!»

በመስታወቱ ማዶ በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ዞር አሉ። ለካ ስልኩን አልዘጋሁትም።

«ማነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለች አክስቴ።

«እኔ ነኝ» አልኳት፣ በራሴ ሪፖርት ግርጌ ስሜን እየጻፍኩ።