የጋሼ ሞረድ

የብየዳ ማሽኑ ይጮኻል፣ እሳት ግን የለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የኤሌክትሮዱን ጫፍ ብረቱ ላይ እጭራለሁ። እንደ ክብሪት ጫርኩት፣ እንደ በር አንኳኳሁት፣ በመጨረሻ በንዴት ወጋሁት። ብልጭ እንኳ አላለም።

ሌላ ቀን ቢሆን ማሽኑን ሰድቤ፣ ከሰል ቸርቻሪዋ ጋ ሄጄ አውርቼ፣ ሥራውን ለነገ አስተላልፈው ነበር። ዛሬ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼ ከሆስፒታል ይወጣሉ።

ጋሼ ብየዳ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ወርክሾፑም የእሳቸው ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ "በይ እንግዲህ፣ ከዚህ በኋላ አንቺው ታውቂያለሽ" ብለው ቤታቸው ገቡ። ቤታቸው ሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ፣ አምስት የሲሚንቶ ደረጃ ተወጥቶ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና ግማሽ ጎናቸውን ያዘው። አንደበታቸውንም ይዞት ሄደ።

ትናንት ልጃቸው ደወለችልኝ። "እህቴ፣ እንዴት እናድርግ? ተሸክመን ደረጃውን እናወጣዎታለን ስላቸው እንባቸው መጣ። በገዛ እግራቸው ካልሆነ ቤታቸው መግባት አይፈልጉም። የሚይዙት ነገር ካገኙ ደግሞ ሐኪሙ ይችላሉ ብሏል።"

"አታስቢ፣ እኔ እያለሁ?" አልኳት። ጉራዬ መቼም ለጉድ ነው።

ያንኑ ቀን ለደረጃው የእጅ መደገፊያ የሚሆን የብረት ቱቦ፣ ቱቦላሬ፣ ቆራርጬ አዘጋጀሁ፤ በደረጃው ቀኝ ጠርዝ ላይ የቡሎኑን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። ሲመሽ ደግሞ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። ወርክሾፓቸው አምሮ ይጠብቃቸው ብዬ ከበር ሥራ የተረፈኝን አረንጓዴ ቀለም አወጣሁና መደርደሪያውን፣ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ የሥራ ጠረጴዛውን ሳይቀር ቀባሁት። ያ ዕድሜ ልኩን ራቁቱን የኖረ የብረት ጠረጴዛ ሙሽራ መሰለ።

ሙሽራው ላይ ነው እንግዲህ ጠዋት ጉዴ የፈላው። ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁ። ፊውዙን አየሁ። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ገብቶት ይሆናል ብዬ ከሰል ቸርቻሪዋ ምድጃ ላይ አድርቄ መጣሁ። መያዣውን ፈትቼ አጠበቅሁ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳበስኩ። ቆሽቴ ሲያርር ጊዜ ማሽኑን በእግሬ ብመታው የተጎዳው እግሬ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ኤሌክትሪሺያን ጠራሁት። ሠፈሩ "እሳቷ" የሚለኝ እሱ ባወጣልኝ ስም ነው። ቴስተሩን ይዞ እየተንጠባረረ መጣና ማሽኑን ከፍቶ፣ ለክቶ፣ ዘጋው።

"እሳቷ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ።

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ኃይሉ እስከ ገመዱ ጫፍ ይደርሳል። ከማሽኑና ከአንቺ አንዳችሁ ታማችኋል፤ እሱ ደግሞ አልታመመም።"

"ውጣልኝ!" አልኩት። እየሳቀ ወጣ። ውለታውን በስድብ መመለሴ ነው፤ ንዴት መቼ ልቦና ይሰጣል?

የማሽኑ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤ ስለዚህ መናገሩ አያሳፍርም። ሥራ ፍለጋ እዚህ በር ላይ የቆምኩ ዕለት ትዝ አለኝ። የዚያን ጊዜዎቹ ሠራተኞች "ሴት ደግሞ ብየዳ!" ብለው ሲንከተከቱ፣ ጋሼ የራሳቸውን ማስክ አውልቀው ጭንቅላቴ ላይ አጠለቁልኝ። "ኤሌክትሮዱ ማን እንደያዘው አያውቅም" አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግሁት፣ ቀና ብዬ የሄድኩት በዚያች ቃል ነው። ይኸው አሁን እሳቸው አንድ ቀን፣ አንድ ነገር ሲፈልጉ እጄ ሰነፈ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የመኪና ጥሩንባ ሰማሁ። ሆስፒታሉ ቀደም አድርጎ ለቋቸው ኖሯል። ልጃቸው አንድ ብብታቸውን ይዛ፣ ሾፌሩ በሌላው በኩል ደግፎ አወረዷቸው። ጋሼ ቀጥታ ወደ ቤቱ አልሄዱም፤ በአገጫቸው ወርክሾፑን አመለከቱ። ጠረጴዛው አጠገብ በርጩማ አቀረብኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ እጃቸውን ለመሳም እያጎነበስኩ። "መደገፊያው አልደረሰም። ማሽኑ እሳት አልሰጥ አለኝ። ያልሞከርኩት የለም።"

ጋሼ እኔን አላዩኝም። የሚያዩት ጠረጴዛውን ነው። ያን አረንጓዴ ሙሽራ ከላይ እስከ ታች አዩትና ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጃቸው ደንግጣ "አባዬ! ምን ሆኑ?" ብትልም እኔ ያን ትከሻ አውቀዋለሁ። እየሳቁ ነበር።

ግራ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። የፈለጉት ምስማሩ ላይ የተሰቀለችውን አሮጌ ሞረዳቸውን ነው። አውርጄ ሰጠኋቸው።

ስለዚህች ሞረድ ልንገራችሁ። ጋሼ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ጠዋት ሲገቡ በመጀመሪያ የጠረጴዛውን ጥግ በሞረድ ሦስቴ ይፍቁ ነበር። ከዚያ ኧርዙን፣ ማለት ያንን ኃይሉን ወደ ማሽኑ የሚመልሰውን መቆንጠጫ፣ እዚያች ጥግ ላይ ያስነክሱታል። እኛ ተለማማጆቹ ከጀርባቸው "የጋሼ ጸሎት" እያልን እንስቅ ነበር። ጠረጴዛው ከአገልግሎት ብዛት ያበራል፣ ምን ይፋቃል? ቁልፉን የተረከብኩ ዕለት ጸሎቱን ተውኩት። አንድም ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ።

ጋሼ መቆንጠጫውን ነቅለው ጥጉን ፋቁ። አንድ። አረንጓዴው ቀለም ተላጠ። ሁለት። ሦስት። ከሥሩ ነጩ ብረት ብቅ አለ። በሞረዷ ጫፍ ቀለሙን ነካ ነካ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ። አንደበት አላስፈለጋቸውም።

ኃይሉ ቀለም አያልፍም! ይህንን እኮ ማንም በያጅ ያውቃል። እኔ በገዛ እጄ፣ ያውም እሳቸውን ላስደስት ብዬ፣ መመለሻ መንገዱን ቀብቼ ዘግቼዋለሁ። ቱቦላሬው የተኛበትን ቦታ ቀለም በግራይንደር ገፈፍኩ፣ መቆንጠጫውን አስነከስኩ፣ ማስኬን ጣል አድርጌ ኤሌክትሮዱን ነካ አደረግሁት። እሳቱ ቦግ አለ!

"ጤነኛ ነው አላልኩሽም?" ሲል ኤሌክትሪሺያኑ ከማዶ ጮኸ። በእልልታ መለስኩለት።

ማስኬን ገልጬ ወደ ጋሼ ስዞር ግን ቀጥ አልኩ። ሞረዷ አሁንም በግራ እጃቸው ናት። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቃለች፤ ጣቶቿም አይነቃነቁም።

እውነቱን ልናገር። ሆስፒታል የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። እስከ አንገታቸው ተሸፍነው ተኝተው አየኋቸውና አልቻልኩም፤ ያመጣሁትን ብርቱካን ለልጃቸው ሰጥቼ ሸሸሁ። የትኛው ጎናቸው እንደተያዘ እንኳ አልጠየቅሁም። መደገፊያውን ያሰብኩት ደግሞ በቀኝ ነው። ማሽኑ ጠዋት እሺ ቢለኝ ኖሮ በቀኝ በኩል በይጄ፣ በቡሎን ጠፍሬ፣ በኩራት እጠብቃቸው ነበር። እሳቸውም ከደረጃው ሥር ቆመው፣ የማይታዘዝ እጃቸውን እያዩ፣ በሰው ሸክም ይገቡ ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ስረግመው የዋልኩትን ማሽን በመዳፌ ቸብ ቸብ አደረግሁት።

ገና ምንም ስላልተበየደ የመደገፊያውን እግሮች ገልብጬ ለግራ አደረግኋቸው። ኤሌክትሪሺያኑ፣ ያ የሰደብኩት ሰው፣ ድሪሉን ይዞ መጥቶ ሲሚንቶውን በሳልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መደገፊያው ቆመ። ዳር ዳሩን እጃቸውን እንዳይቧጭር አለሰለስኩት። ቀለም አልቀባሁትም።

ጋሼ ብረቱን በግራ እጃቸው ጨበጡ። ነቅነቅ አድርገው ፈተሹት፤ የኔን ሥራ ሳይፈትሹ አልፈው አያውቁም። ልጃቸው ከኋላ እጆቿን ዘርግታ ቆመች፣ ግን አልነካቻቸውም። አንዷን ወጡ። አረፉ። ሁለተኛዋን ወጡ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርሱ እኔ ከሥር ሆኜ እየቆጠርኩ ነበር።

በራቸው ላይ ሆነው ዞር አሉና በአገጫቸው ያን ትናንት በጠመኔ ምልክት ያደረግሁበትን የደረጃውን ቀኝ ጠርዝ አሳዩኝ። ገባኝ። ሲወርዱ ግራ እጃቸው የሚያርፈው በዚያ በኩል ነው።

"የመውረጃውን ነገ እሠራለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ዛሬ ቤትዎ ይግቡ።"

ገቡ። ሞረዷን ኪሳቸው ከተው ነው የገቡት።

በማግስቱ ጠዋት ሞረዷን ልለምን ወጣሁ። ጋሼ ልብሳቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በግራ እጃቸው ዘረጉልኝ። ወርጄ የጠረጴዛውን ጥግ ሦስቴ ፋቅሁ፣ እሳቸውም ከላይ ሆነው ድምፁን አዳመጡ። ከዚያ የመውረጃውን ጀመርኩ።