ባና የለበሰው በር

መለሰ ቁልፉን እንዳዞረ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ የሠርግ ዘፈን ፈነዳ።

ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ። የቮልሷ በር ተበርግዶ ነበርና ድምፁ ግቢውን ሞላው። የድንኳን ካስማ የሚመቱት የእድር ሰዎች መዶሻቸውን እንዳነሡ ቀሩ። መለሰ ማኪናዋን ለድንኳኑ ቦታ ሊያስለቅቅ ነበር የገባባት። ታላቅ ወንድሙ አቶ ዳኛው፣ የማኪናዋ ባለቤት፣ ቤት ውስጥ ተገንዞ ቀብሩን ይጠብቃል።

«ኧረ አጥፋው! ምን ጉድ ነው!» አለች ጎረቤታቸው ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና።

መለሰ ያገኘውን ሁሉ ነካካ። የዝናብ መጥረጊያው ተወዛወዘ፤ መብራቱ በራ፤ ዘፈኑ ቀጠለ። ቁልፉን መልሶ ማዞር እንኳ አልታሰበውም። በመጨረሻ እጁን ከመሪው ሥር ሰደደና አንድ ቀይ ሽቦ ጨብጦ መነጨቀው። ጸጥ አለ። ላቡን በእጅጌው እየጠረገ ወጣ።

«ይች ማኪና ከሰልስት ማግሥት እዚህ ግቢ አታድርም» አለ። «ገዥ አለኝ። ወንድሜን በሬሳው አዋረደችው።»

የሟቹ ልጅ ትርንጎ ደረጃው ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። በዚያ ሐምሌ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቃ ወላጆቿ ወዳሉበት ከተማ ተመልሳ ምደባዋን እየጠበቀች ሳለ ነው አባቷ በመስከረም አንድ ጠዋት ደረቴን ብሎ የወደቀው። ከግርግሩ ሁለት ነገር ታዘበች። አንደኛው፣ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ቴፑን ለምን እስከ ጥግ እንደከፈተው ነው። ሁለተኛው እናቷ ውቢት ናት። ሰው ሁሉ ሲሳቀቅ፣ ውቢት ብቻ በር ላይ ቆማ ስሟን እንደጠሯት ሁሉ ቀና ብላ ማኪናዋን አየች።

በማግሥቱ ድንኳኑ ሞላ። ውቢት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ለገባው ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ዐይኗ ደረቅ ነበር። ቀብሩ ላይም ደረቅ ነበር።

«አንዲት ጠብታ!» አለች ብርቄ፣ ባቄላ ንፍሮ በሣህን እያዞረች፣ ለጎኗ ሴት። «ሃያ አምስት ዓመት ያኖራት ሰው! በዚያ በቮልስ እንደ ሙሽራ ሲያመላልሳት!»

«ተማሪ ቤት ማስተማር ልብ ያደርቃል መሰል።»

«ትዕቢት ነው እንጂ። ሙሾው ሲወርድ አየሻት? ቅጠል ትቆጥር ነበር።»

ትርንጎ ሰማች። ከሴቶቹ ይልቅ የተናደደችው ግን በእናቷ ነው። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ልጅቱስ በረታች ወይ?» ቢሏት፣ ውቢት «አሜን፣ እርስዎንም ያቆይልን» ብላ መለሰች። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ሄዱ።

«እማዬ፣ ሰው ሲያናግርሽ ምነው ልብሽን እንኳ ብትሰጭ?»

ውቢት የልጇን አፍ ትክ ብላ አየችና «ደከመኝ፣ ልጄ» አለች።

ትርንጎ ወደ ጓሮ ወጣች። ቮልሷ ከአጥሩ ሥር ቆማለች፤ የሃያ ዓመት ማኪና፣ አመድማ። ለሚያልፍ ሰው አሮጌ ቆርቆሮ ናት። አባቷ እንዲያ እንድትመስል ብዙ ደክሞባታል። የሚያብረቀርቀውን ኒኬል ሁሉ በእጁ ግራጫ ቀብቶ አደብዝዞታል። ጭረቶቹን አንድ ባንድ ሞልቶ፣ ከድሮው ቀለም ጋር እስኪመሳሰል አምስት ጊዜ ቀላቅሎ ቀብቷል። ቴፑን ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ሸሽጎ ክዳን አበጅቶለታል። የቀበሌው ሊቀመንበር በአጠገቧ ሲያልፍ ዐይኑን የሚይዘው ነገር አያገኝም ነበር። ሌላው ሰው እንዲታይለት ያሳምራል፤ ዳኛው እንዳይታይበት ያሳምር ነበር።

ተመርቃ የመጣች ሰሞን እናቷ በምትቀመጥበት በኩል ያለውን የማኪናዋን በር ሆድ ዕቃ ዘርግፎ አገኘችው። ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ የገዛውን ወፍራም ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ በመቀስ እየቆረጠ ከብረቱ ጋር ያጣብቃል።

«አባዬ፣ ያገር ሰው ተርቦ አንተ ለብረት ልብስ ትሰፋለህ?»

«ብረትም ብርድ ይዞት ይንቀጠቀጣል» አለ ሳይዞር። «ሲንቀጠቀጥ ይጮሃል። ሲጮህ ያስቸግራል።»

«ማንን?»

«መቀሱን አቀብይኝ።»

እንዲህ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን የመንገድ ንድፍ ሲያነሣ የሚውል፣ ማታ ሦስት ቃል ተናግሮ የሚተኛ ሰው። ትርንጎ ስለ ትምህርቷ እንዲጠይቃት ስትጠብቅ፣ እሱ ስለ በር ያስባል። የዚያን ቀን ዲግሪዋን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወደ ከተማው ፒያሳ ወረደች፤ እስኪመሽም አልተመለሰች።

«የዳኛው ልጅ፣ አንች ነሽ?»

ዞረች። ፒያሳ ሬዲዮ የሚጠግነው ደመቀ ነበር፤ ቀጭን፣ ጣቶቹ በመበየጃ የተለበለቡ።

«ቴፑን ነቀሉት አሉኝ» አለ። «ይህን ሰምቼ ነው ልቅሶውን ትቼ ወደ አንች የመጣሁት። ማኪናዋንም ሊሸጧት ነው ይባላል።»

«ይሽጧት። ለኔ ምንም አይደለችም።»

ደመቀ ለቅጽበት አያት። «አልነገረሽም ማለት ነው። እኔንም አስምሎኛል፤ ግን አሁን ማንን ልፈር? ድምፅ ማጉያዋ አንዲት ብቻ እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«ቆጥቦ መስሎኝ።»

«ሁለት ላግባልህ አልሁት፤ እንቢ አለ። አንዲት ሸጋ አምጣልኝ፤ በውቢት በኩል በሩ ላይ፣ ከጆሮዋ ትይዩ አድርግልኝ አለ። የሰው ድምፅ ትሰማለች፤ ቃሉ ግን አይለይላትም አለኝ። ግራው ጆሮዋ ከነጭራሹ ሞቷል።»

ትርንጎ ዞራ እናቷ ወደተቀመጠችበት ድንኳን አየች።

«ቁልፍ ሲዞር ቴፑ ወይም ሬዲዮው አብሮ እንዲነሣ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ ደመቀ። «የጠዋቱ ዜና ከመጀመሪያው ቃል እንዳያመልጣት። ትምህርት ቤታቸው ረቡዕ ረቡዕ የፖለቲካ ውይይት ክበብ አለ አይደል? ዜናውን ሳትሰማ ሄዳ ቢጠይቋት ምን ትላለች? መስማቷ መድከሙ ከታወቀ ደግሞ ከልጆቹ ለይተው መዝገብ ቤት ይጥሏታል። ይህን ፈርተው ነው ሁለቱ ስድስት ዓመት የደበቁት።»

ደመቀ ቀዩ ሽቦ የት እንደሚገባ ነግሯት ሄደ። ትርንጎ የቮልሷን በር ከፍታ በእናቷ ቦታ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት ተለጥፋለች። ብርቄ «ዳኛው ለሚስቱ መኳኳያ ሰቀለላት» እያለች የሳቀችባት መስታወት ናት። ትርንጎም ስቃ ነበር። አሁን አየችባት፤ የራሷ ፊት አልታየም። የታየው ባዶው የሹፌሩ ቦታ ነው፤ ያውም የአንድ ረዥም ሰው አፍ ሊውል የሚችልበት ከፍታ ላይ።

አባቷ መንገዱን እያየ ሲናገር፣ እናቷ መስታወቷን እያየች ትሰማው ነበር።

ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታየው የነበረው ሁሉ አሁን ቦታ ቦታውን ያዘ። እናቷ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ጭንቅላቷን በሩ ላይ ታስደግፋለች። አባቷ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ቁልፉን ቀስ እያደረገ ያዞራል። እናቷ በአመልካች ጣቷ ዳሽቦርዱን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች፤ ያኔ እጁን ያነሣል። ትርንጎ ዘፈኑን እየመታች ይመስላት ነበር። ስለ ድምፅ ሞገድ አራት ዓመት ተምራ፣ በገዛ ቤቷ ያለውን አልሰማችም።

እናቷ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችው ለዚህ ነው። የሰማችው ጩኸት ብቻ ነው። ለባሏ የተባለውን አንድ ቃል አልሰማችም።

ትርንጎ በሩን ዘግታ ወረደች። ነገ ሰልስት ነው። በማግሥቱ ገዥው ይመጣል። ያላት ቀን አንድ ነው፤ ይበቃል አለች።

ከሟቹ አገር ከትክል ድንጋይ የመጣችው አልቃሽ እታገኘሁ ከጓዳ ጥግ እግሯን ዘርግታ አረፍ ብላለች። አልቃሽ ስለ ሟች ጠይቃ ነው የምታለቅስ።

«ስለ አባትሽ የነገሩኝ ሁሉ ደግ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር ነው» አለች። «ይህን ለማንም እለዋለሁ። የሱን ብቻ ስጭኝ።»

ትርንጎ ጥቂት አሰበች። የእናቷን ምሥጢር አትሰጥም። «ለማኪናው በር ባና አልብሶት ነበር» አለች።

እታገኘሁ ሳቀች። «ለብረት?»

«ለብረት።»

«በቃኝ» አለች አልቃሿ፤ ሳቋም ከፊቷ ጠፋ።

በሰልስቱ ቀን ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እታገኘሁ ድንኳኑ መካከል ቆመች። ትርንጎ ከእግሯ ሥር ቁጭ አለች። ከነጠላዋ ሥር ከደመቀ የተዋሰችው መቅረጫ ቴፕ ነበር፤ በልቅሶ ቤት ሬዲዮ እንኳ ይጠፋል፣ ቢያዩባት ዘመድ ሁሉ ይጮህባት ነበር። ግድ አልሰጣትም። እታገኘሁ ድምፅዋን አወጣች፤ ድንኳኑ ተንጫጫ፤ ወንዶቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን ሸፈኑ። ውቢት ቅጠል እንደሚቆጥር ሰው ቀና ብላ ተቀምጣለች።

«እያት» አለች ብርቄ።

ሰዉ ምሳ ሲቀርብለት ትርንጎ አጎቷን ከድንኳኑ ደጅ አገኘችው።

«ጋሼ መለሰ፣ የማኪናዋን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«ለምኑ?»

«እማዬን ላስቀምጥባት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ዐይኗን ሲያይ ሰንብቷል። ትንሽ ብቻዋን ትሁን።»

«ገዥው ነገ ጠዋት ይመጣል። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ነገን ነገ እንነጋገራለን። ቁልፉን።»

መለሰ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ያዝ አደረገው። «ያንን ሽቦ እንዳትነኪ። ሁለተኛ ውርደት አልችልም።»

«እሽ» ብላ ዋሸችና ቁልፉን ተቀበለች።

ከመሪው ሥር ተንጋላ ቀዩን ሽቦ ከቦታው አስገባች። የሠርጉን ካሴት አውጥታ ድንኳኑ ውስጥ የቀዳችውን ከተተች። ከዚያ እናቷን እጇን ይዛ አምጥታ በቦታዋ አስቀመጠቻት፤ እሷም በአባቷ ቦታ ገባች። መስኮቶቹን እስከ ላይ ዘጋች። በሮቹ ደነዝ ያለ ድምፅ ሰጥተው ተዘጉ፤ ውጭ ያለው ዓለም ራቀ። በመስኮቱ በኩል ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ታያለች፤ የሚሉት አይሰማም። ይህች ናት እማዬ ያለችበት ቦታ፣ አለች በሆዷ።

ቁልፉን አዞረች።

መጀመሪያ የድንኳን ጫጫታ መጣ። ውቢት ደንግጣ ልጇን አየች። ከዚያ የእታገኘሁ ድምፅ ከበሩ ወጣ። ትርንጎ እጇን መሳቢያው ውስጥ ሰዳ ቀስ እያለች ከፍ አደረገችው። ውቢት ጭንቅላቷን በሩ ላይ አስደገፈች። ትርንጎ ጨመረች፤ ጨመረች። የእናቷ አመልካች ጣት ተነሣ፤ ዳሽቦርዱን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

ትርንጎ እጇን አነሣች።

*አንተ ባና አልባሽ ለብረት ለበሩ፣*
*ምነው ያለ ባና ወረድህ ካፈሩ።*

የውቢት ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ። ቃሉን አንድ ባንድ ደገመችው። ከዚያ በቀብሩ ዕለት ሊመጣ ይገባው የነበረው ሁሉ መጣ። መዳፏን በሩ ላይ ለጥፋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ባናው ድምፅዋን ሁሉ ዋጠው።

መለሰ ሽቦው እንደተነካ ጠርጥሮ በቁጣ እየገሰገሰ መጣ። እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ በመስኮቱ ውቢትን አየ። ቆመ። ብርቄ ከኋላው አንገቷን አሰገገች፤ እሱ ዞረና መስኮቱን በጀርባው ጋርዶ እጁን አወናጨፈባት። ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

ካሴቱ አለቀ። ትርንጎ እናቷን ማየት አልሆነላትም። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ አጥሩን እያየች ተናገረች። ባለፈው ክረምት አባቷ በአዘዞ መንገድ ሦስት እሑድ መንዳት አስተምሯት ነበር። ማርሽ ስትቀይር ማኪናዋ ትዘላለች፤ መንጃ ፈቃድም የላትም። ይህን ሁሉ ታውቃለች።

«ማኪናዋ አትሸጥም» አለች። «ረቡዕ ትምህርት ቤት የማደርስሽ እኔ ነኝ።»

መልስ አልመጣም።

ዘወር አለች። ውቢት በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠርጋ መስታወቷን እያየች ነበር። መስታወቷ ውስጥ የትርንጎ ፀጉር ብቻ ይታያል፤ ዳኛው ከልጁ በአንድ ጭንቅላት ይረዝም ነበር።

ውቢት እጇን ዘረጋች። መስታወቷን በሁለት ጣቷ ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀስ አድርጋ ወደ ታች አጎነበሰቻት፣ የልጇ አፍ እስኪታያት።

«እንደገና በይልኝ» አለች።