የመጨረሻዋ መኪና ዱላ

«ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ከቢሮ የተላከ ነው» አለ ሾፌሩ፤ ከተማውን ሳይለቁ አንዴ፣ ነዳጅ ሲቀዱ አንዴ፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ደግሞ አንዴ። ወሬ ሆዱ ውስጥ ስለማያድርለት ባልደረቦቹ «ዜና» ይሉታል። እንደ ዜና አባባል ድርጅቱ ዘንድሮ አስጎብኚ ሊቀንስ ነው፤ ማን እንደሚቀነስ ለመለየትም ጎብኚ መስሎ የሚሳፈር ሰላይ ይልካል። ከማን ሰማህ ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ከሚያውቅ ሰው»።

«ጋሼ፣ አንተ ያወራኸው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተባረን ሁለት ጊዜ ተሹመን ነበር» አለችው አስጎብኚዋ።

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷ ፈርቷል። እዚህ ሥራ ላይ ማንም እጇን ይዞ አላስገባትም። የድንጋዩን ዓይነትና የወፉን ዝርያ ሰው ከጣላቸው መጻሕፍት ለቃቅማ ነው የተማረችው፤ ባለ ዲግሪዎቹ ባልደረቦቿ ሲሳሳቱ ደግሞ ሰው ፊት ሳታርማቸው አታልፍም። በዚህ ጠባይዋ ወዳጅ አላፈራችም። የሚቀነስ ሰው ሲፈለግ የማን ስም ቀድሞ እንደሚነሳ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልጋትም።

ሥራው ቢቀር ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። አክስቷን ግን በምን ታገኛታለች? እናቷ ስትሞት ወስዳ ያሳደገቻት አክስቷ ከባሏ ጋር የምትኖረው የዚህ መንገድ ጫፍ ላይ ባለችው መንደር ነው። አውቶቡስ እዚያ አይደርስም፤ የጭነት መኪናም ደስ ሲለው ነው የሚወጣው። በወር ሁለት ጊዜ የሚያገናኛቸው ይህ ሚኒባስ ብቻ ነው። ጎብኚዎቹ ሻይ የሚጠጡት አክስቷ ቤት ነው፤ እነሱ በመስኮት ገደሉን ሲያዩ አክስትና ልጅ ጓዳ ገብተው የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ ያማሉ።

ከዘጠኙ ተሳፋሪዎች ጥርጣሬዋ ያረፈው ከሾፌሩ ኋላ በተቀመጠች አንዲት ጠና ያለች ሴት ላይ ነበር። ወፍራም ማስታወሻ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ የቤቶቹን ብዛት ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፤ የተራራውን ከፍታ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። ሌላው ሰው በዓይኑ ሲያይ እሷ በእስክሪብቶ የምታይ ትመስላለች። ዜና ሴትየዋን በመስተዋቱ አየና ቅንድቡን አነሳ።

ከታችኛው ኬላ በኋላ መንገዱ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ዓለት፣ በሌላው በኩል ገደል ነው፤ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ መንዳት አለበት። ስልክም አይሠራም። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጡት መኪኖች ተከታትለው ይገቡና ለመጨረሻዋ መኪና ቀይ የተቀባ ዱላ ይሰጣታል። ዱላው ላይኛው ኬላ ሲደርስ መንገዱ ባዶ መሆኑ ይታወቃል፤ የሚወርዱት ያኔ ይለቀቃሉ። ዱላው ካልደረሰ የላይኛው ኬላ ጠባቂ ለንጉሥም አይከፍትም። ዱላ የያዘ መኪና ደግሞ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

የዚያን ቀን መጨረሻ የደረሰችው የእነሱ ሚኒባስ ነበረች። የታችኛው ጠባቂ ዱላውን ለአስጎብኚዋ በመስኮት አቀበላትና «አደራ የኔ ልጅ፣ እንዳታድሪበት» ብሎ ሳቀ።

ገና ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ባለ ደብተሯ ቀና አለች።

«እዚህ አንቆምም እንዴ? ፕሮግራሙ ላይ መቆሚያ ይላል።»

አስጎብኚዋ ስትመለስ ልታቆምላቸው ነበር ያሰበችው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የምታደርገው። ሴትየዋ ግን መልስ ሳትጠብቅ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። አስጎብኚዋ እስክሪብቶውን አየች። «እንቆማለን» አለች።

አሥር ደቂቃ የተባለው ሃያ ሆነ። ቀጥሎ ገደሉ አፋፍ ላይ የተለጠፈች አንዲት መንደር መጣች፤ ቆርቆሮ ጣራዎች፣ በእርከን የተከፋፈለ ማሳ፣ በገመድ የተሰጣ ልብስ። ወረዱ። ቤቶቹ ለምን ጀርባቸውን ለነፋስ እንደሰጡ አስረዳች፤ ሰው አጨበጨበላት። እንደዚያን ቀን አፏ ተፈትቶላት አያውቅም። ሦስተኛው መቆሚያ ላይ ዜና ሲጋራውን ረግጦ አጠፋና ጠጋ አላት።

«አንቺ ልጅ፣ ዱላው እኛ ጋ ነው። ላይ ሰው ይጠብቃል።»

«ይጠብቃ። ሁሌ እኛ አይደለን እንዴ ስንገተር የምንውለው? ደግሞ ሰላይ አለ ብለህ ነፍሴን ያወጣኸው ራስህ ነህ።»

ዜና ወደ መሪው ተመለሰ። አርባ ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ላይኛው ኬላ ጋ አምስት መኪኖች ተሰልፈው ነበር። ሰዎቹ ወርደው ቆመዋል። ጠባቂው ዱላውን ከእጇ መንትፎ መዝጊያውን ሊያነሳ ሮጠ። ከፊት የቆመችው ነጭ ፒክአፕ ግን ሞተሯን አላስነሳችም።

ፒክአፑ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ፍራሹ ላይ የአክስቷ ባል ተቀምጧል፤ የአክስቷ ራስ ጭኑ ላይ ነው።

ጠዋት ልብስ ስታጥብ ደረቷን ይዛ ወድቃ ነበር። ታች ከተማ ሆስፒታል ለማድረስ ከሁሉም ቀድመው ነው ኬላው የደረሱት። የአክስቷ ባል የጠባቂው እግር ላይ ወድቆ ለምኖ ነበር፤ ጠባቂው ጥምዝ ላይ ከሚወጣ መኪና ጋር ብትገጥሙ ፒክአፑ ላይ ያለ ሁሉ ያልቃል ብሎ እምቢ አለ። ልክ ነበር። ትንፋሿ ከወጣ ሩብ ሰዓት አልሞላም።

አስጎብኚዋ የአክስቷን እጅ ያዘች። ይሞቃል።

«ዛሬ ተራዋ ነው፣ ትመጣለች ስትል ነበር» አለ የአክስቷ ባል። ከዚያ ቀና ብሎ በየዋህ ዓይኑ አያት። «ምን ገጥሟችሁ ነው የኔ ልጅ? ጎማ ነው?»

አስጎብኚዋ የአክስቷን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ጎማ ነው» አለ ዜና ከኋላዋ።

ባለ ደብተሯ ደብተሯን ከድና ወደ ሚኒባሷ ተመለሰች። አስጎብኚዋም አላስተባበለችም። የአክስቷ ባል ራሱን ነቀነቀና፣ እናንተስ ምን ታደርጉ፣ ይህ መንገድ ጎማ ይበላል ብሎ አጽናናት። ያጽናናት እሱ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በስምንተኛው ቀን መታወቂያዋን ለመመለስ ቢሮ ሄደች። ማንም ሳያባርራት ራሷ ልትለቅ ነው። ጸሐፊዋ ለአክስቷ ነፍስ ይማር አለቻት፤ የተራራውን መስመር እለቃለሁ ስትላት ግን ግራ ተጋብታ ከወረቀቶቿ ላይ ቀና አለች።

«የቱን መስመር? እሱማ ከተሰረዘ ሦስት ሳምንት ሆነው። የዚያን ቀኑን የላክነው ትኬቱ ቀድሞ ስለተሸጠ ብቻ ነው። ማንንም አልቀነስንም፤ አንቺን ወደ ሐይቁ መስመር አዛውረንሻል፤ ደብዳቤሽ ያኔውኑ ተፈርሞ እዚህ ተቀምጧል።»